ዕጣ ያልወጣበት ንጽጽር፦ የሕክምና እና የዩኒቨርሲቲ መቶኛዎች ምን ይነግሩናል?

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተሰጥቶ ውጤቱ ሲገለጽ፣ በየቡናው ወሬ የገቡት ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለፈተና ከተቀመጡት 77,981 ተማሪዎች 48,632ቱ፣ ማለትም 62.36 በመቶው፣ አለፉ። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ተማሪዎች ግን ያለፉት 12,422 ብቻ ነበሩ፤ 17.2 በመቶ። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፤ የመንግሥቱ ያስተምራል፣ የግሉ ወረቀት ይሸጣል ተባለ።

ፍርዱ ልክ ሊሆን ይችላል። የግል ኮሌጆች ጠበቃ ለመሆንም አልተነሣሁም። ነገር ግን ለጤና ተማሪዎች ስታቲስቲክስ ሳስተምር ዘወትር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። አንዱ ሆስፒታል ከተቀበላቸው 100 ሕሙማን 62ቱን፣ ሌላው 17ቱን አድኖ ላከ እንበል። የትኛው ይሻላል? ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ግማሹ «የመጀመሪያው» ይላል። ዋርድ ገብቶ የሚያውቅ ነርስ ግን «ሲመጡ እንዴት ነበሩ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕክምናን በቁጥር የመመዘን ጥበብ ከዚህ የነርስ ጥያቄ የተወለደ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ብዙ ዘመን ፈጅቷል።

መልሱ በተሟላ መልኩ የተገኘው በብሪታንያ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ተገኝቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጎሳቁላ የወጣችው ብሪታንያ ግን ዶላር አጥሯት ስለነበር የደረሳት መድኃኒት ጥቂት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛው ደግሞ ብዙ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ይህን እጥረት ወደ ዘዴ ለወጠው። መድኃኒቱ ለሁሉም ካልበቃ፣ ማን እንደሚያገኝ ዕጣ ይለይ አለ።

እቁብ የጠጣ ሰው የዚህን ምክንያት ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ዕጣ የሚወጣው ዳኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ደግ ዳኛም ቢሆን ለወዳጁ ማዘኑ ስለማይቀር ነው። ሐኪምም እንዲሁ ነው። አዲስ መድኃኒት እጁ ሲገባ ሳያስበው ወይ ተስፋ ላለው ይሰጠዋል፣ ወይ ሊሞት ለተቃረበው ይሰጠዋል። በመጀመሪያው መንገድ መድኃኒቱ ከሚገባው በላይ ይመሰገናል፣ በሁለተኛው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ስለዚህ ሂል ያዘጋጀው የታሸገ ፖስታ ነበር። በላዩ የሆስፒታሉ ስምና ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል፤ በውስጡ «ኤስ» (ስትሬፕቶማይሲን) ወይም «ሲ» (የአልጋ ዕረፍት ብቻ) የሚል ካርድ አለ። ፖስታው የሚከፈተው ሕመምተኛው ለጥናቱ ይሆናል ተብሎ ከተወሰነ በኋላ ነው። ኤክስሬዩን የሚያነቡት ባለሙያዎችም ፎቶው የማን እንደሆነ፣ መርፌ የተወጋ ይሁን ያልተወጋ አይነገራቸውም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ታተመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ወጣቶች በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት 4 ነበሩ፤ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ከቆዩት 52 ደግሞ 14። ሁሉም የሚጠቅሰው ይህን ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ሌላ ቁጥር ነው፤ ምንም መድኃኒት ሳይወስዱ ከተኙት 52 መካከል 4ቱ ሳንባቸው በግልጽ ተሻሽሎ ተገኝቷል። እነዚያ አራት ሰዎች በዚያ ሰሞን አንድ ቅጠል ጨምቀው ጠጥተው ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሜ ልካቸውን የቅጠሉን ስም ሲያነሡ በኖሩ ነበር። የማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ሰው በራሱም ይድናል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከአምስት ዓመት በኋላ ተከታትለው ሲቆጥሩ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 መካከል 32ቱ፣ ካልወሰዱት 52 መካከል 35ቱ ሞተው ነበር። ያ ሁሉ ልዩነት ሊቀልጥ ምንም አልቀረው። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶት ነበርና፤ ስትሬፕቶማይሲንን ብቻውን መስጠት የተተወውም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ማጣመር የተሻለ መሆኑ ስለተረጋገጠ ነው። በስድስተኛው ወር የተለካ መልካም ዜና በአምስተኛው ዓመት ሲለካ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። መቼ እንደለካን ራሱን የቻለ ጥያቄ መሆኑን እዚህ ላይ ይዘን እንለፍ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመለስ ያስፈልገናል።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አዲስ አበባም የሚታወቅ በሽታ ነው፤ የዕጣውም ነገር እዚሁ ደርሷል። በባንግላዴሽ የተሞከረ የዘጠኝ ወር ገደማ ሕክምና ወደ 88 በመቶ የሚሆኑትን ሕሙማን ማዳኑ እ.ኤ.አ. በ2010 ተዘገበ። በዚያን ዘመን ሃያ ወር በሚፈጀው ረጅም ሕክምና የሚድነው በዓለም ደረጃ ግማሽ ያህሉ ስለነበር፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር መሰለ። ቀጥሎ «ስትሪም» የተባለው ጥናት መጣ፤ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም የተካሄደ ሲሆን፣ በእኛ በኩል የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተሳትፈውበታል። 424 ሕሙማን በዕጣ ተደለደሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ሲታተም አጭሩ ሕክምና 78.8 በመቶ፣ ረጅሙ 79.8 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አጭሩ ከረጅሙ አያንስም ተባለ፤ ለሕመምተኛው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ወራት የሚቆጥብ። ያ ሰማይና ምድር የመሰለው ልዩነት ግን የለም። ረጅሙ ሕክምናም በቅርብ ክትትል፣ መድኃኒት ሳይቋረጥ፣ በተመሳሳይ ሕሙማን ላይ ሲሞከር 80 በመቶ ገደማ ያድናል። 88ን ከ50 ጋር ያስተያየ ሁሉ መድኃኒት ከመድኃኒት ያነጻጸረ መስሎት አገር ከአገር፣ ክትትል ከክትትል ሲያነጻጽር ኖሯል።

ዕጣ ሳይኖር ቁጥር እስከ የት ሊያሳስት እንደሚችል ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የታተመ የኩላሊት ጠጠር ጥናትን የሚተካ አላገኘሁም። በቀዶ ሕክምና ጠጠር ከወጣላቸው 350 ሰዎች 273ቱ፣ በቆዳ ቀዳዳ በሚገባው አዲሱ ዘዴ ከታከሙት 350 ደግሞ 289ኙ ተሳካላቸው፤ 78 በመቶ እና 83 በመቶ። አዲሱ በለጠ። ጠጠሩን በመጠን ስንለየው ግን እንዲህ ይሆናል፦ ትንሽ ጠጠር ያላቸው በቀዶ ሕክምና ከ87 81፣ በአዲሱ ከ270 234፤ ትልቅ ጠጠር ያላቸው በቀዶ ሕክምና ከ263 192፣ በአዲሱ ከ80 55። ወረቀት ይዞ ያካፈለ ሰው ቀዶ ሕክምናው በትንሹም በትልቁም እንደሚበልጥ ያያል፤ ሲደመር ግን ይሸነፋል። ቀልድ አይደለም፤ ሐኪሞቹ ከባዱን ጠጠር ለቢላው፣ ቀላሉን ለአዲሱ ዘዴ ስለሰጡ ነው። ስታቲስቲክስ ይህን የሲምፕሰን ተቃርኖ ይለዋል። ቀዶ ሕክምናው የተሸነፈው ከባዱን ሥራ ስለተሸከመ ነው።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው በር እንመለስ። በ2015 የተፈተኑት ተማሪዎች ከዓመታት በፊት ሲገቡ፣ የመንግሥት ምደባ በአብዛኛው የደረሰው የተሻለ የመሰናዶ ውጤት ለነበራቸው ነው። ምደባ ያልደረሳቸው ወደ ግል ኮሌጅ ሄዱ፤ ብዙዎቹም ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩ ነበሩ። በጠጠሩ ቋንቋ፣ ትልልቁ ጠጠር ወደ አንድ በር ተልኳል። በ62 እና በ17 መካከል ያለው ርቀት ምን ያህሉ የማስተማር፣ ምን ያህሉ የአገባብ እንደሆነ ከሁለቱ ቁጥሮች ብቻ መናገር አይቻልም። ከዚህም ሌላ፣ የተቆጠሩት ፈተናው ላይ የተቀመጡት እንጂ የተመዘገቡት ሁሉ አይደሉም። በሕክምና ጥናት በመሐል የጠፋ ሕመምተኛ ከሒሳቡ አይወጣም፤ መጀመሪያ በደረሰው ቡድን ውስጥ ይቆጠራል። በመንገድ የቀረው፣ ክፍያ አቅቶት ያቋረጠው ተማሪም የተቋሙ ውጤት ነው።

«ተማሪ መድኃኒት አይደለም፣ በዕጣ አይደለደልም» የሚል መልስ ይሰነዘር ይሆናል። አንድ ቦታ ግን ተደልድሏል። በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ፣ ኮሎራዶ፣ ካልኩለስን የመሰሉ የግዴታ ኮርሶች ላይ ተማሪ መምህሩን አይመርጥም፤ ድልድሉ ከዕጣ አይለይም። ፈተናው ለሁሉም ክፍል አንድ ነው፤ ቀጣዩንም ኮርስ ማንም ሊዘለው አይችልም። ስኮት ካረልና ጄምስ ዌስት ከ10 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውጤት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ልምዳቸው አነስ ያለ መምህራን ያስተማሯቸው ተማሪዎች በያዙት ኮርስ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ፣ መምህሩንም ከፍ አድርገው ይገመግማሉ። ልምድ ያላቸው መምህራን ያስተማሯቸው ተማሪዎች ግን በመጀመሪያው ዝቅ ብለው፣ በሚቀጥለው ከፍተኛ ሒሳብ ይበልጣሉ። ለፈተና ያዘጋጀ መምህር የአሁኑን ውጤት ከፍ አድርጎ የሚቀጥለውን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። የስትሬፕቶማይሲን ስድስተኛ ወርና አምስተኛ ዓመት እንደገና መጣ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ መምህሩን ከአንድ እስከ አምስት እንዲሞሉበት ለተማሪ የሚታደለው ቅጽ በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ የሚለካው ስድስተኛውን ወር ብቻ ነው።

የመውጫ ፈተናም ልክ እንደዚያው በር ላይ ይለካል። ይህ ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ሙቀት መለኪያም ይጠቅማል። የሚያስፈልገው ግን ከመግቢያ ውጤት ጋር ማያያዝ ነው፤ በመሰናዶ ፈተና እኩል ያመጡ ሁለት ተማሪዎች አንዱ ከመንግሥት፣ አንዱ ከግል ወጥተው የት ደረሱ? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን እርስ በርስ ለማነጻጸርማ ከዚህም የተሻለ ነገር በእጃችን አለ። ምደባው በአብዛኛው በማዕከል ስለሚሠራ፣ ከአንድ ክፍል የወጡ፣ አንድ ዓይነት ውጤት ያመጡ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ወደ ጅማ፣ ሌላው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲላክ ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሁለቱም እያለቀሱ፣ እናቶቻቸው ብርድ ልብስ እየሸከፉ፣ ማንም «ዕጣ ነው» ሳይለው ዕጣ ወጥቶባቸዋል። ፍጹም ዕጣ አይደለም፤ የምርጫ ቅደም ተከተል፣ ጾታ፣ የልዩ ድጋፍ ምደባ ይገቡበታል፤ እነዚህ ግን ተመዝግበው የተቀመጡ ናቸው፣ በሒሳብም ሊለዩ ይችላሉ። ፖስታው ታሽጎ ተሰጥቷል። የቀረው በአንድ በኩል ያለውን የምደባ መዝገብ በሌላ በኩል ካለው የመውጫ ፈተና መዝገብ ጋር በተማሪ መለያ ቁጥር አገናኝቶ፣ ስም ሰርዞ፣ ለሚያሰላ ሰው መስጠት ነው።