ከክርስትና ቀን እስከ ፓስፖርት፦ የፆታ ምዝገባና የአየር ጉዞ ከጎንደር ሲታዩ

ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ የውጭ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ከቦሌ ተነሥቶ አዘዞ ባለው የዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርድና በመኪና ወደ ደባርቅ ያቀናል። በፓስፖርቱ የፆታ ቦታ ላይ በ«ወንድ» ወይም «ሴት» ፋንታ «ኤክስ» የተጻፈበት መንገደኛ በዚህ መስመር ቢመጣ ምን ይገጥመዋል? አውስትራሊያ በ2003 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፓስፖርት ሰጠች፤ ኒውዚላንድ፣ ካናዳና ጀርመን ተከተሉ። አሜሪካ በ2022 ፈቅዳ በጃንዋሪ 2025 ከለከለች፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ክርክሩ እስኪቋጭ ክልከላው እንዲሠራ ፈቀደ።

ከቴክኒክ አንጻር ጉዳዩ ያለቀለት ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 9303 በዓይን በሚነበበው ገጽ ላይ «ኤክስ»ን ይቀበላል። በማሽን በሚነበበው ሁለተኛ መስመር፣ ከ44ቱ ቦታዎች በ21ኛው ላይ፣ ለዚህ መንገደኛ የሚገባው የመሙያ ምልክት ነው፤ ማሽኑ የሚያነበው «አልተገለጸም» ብሎ ነው። አየር መንገዶችም በ2019 ለቲኬት ምዝገባ ተጨማሪ የፆታ ኮዶችን የያዘ ደረጃ አጽድቀዋል። የሚቀረው የሰውና የሕግ ጉዳይ ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የሚቀጣው የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ድርጊትን ነው፤ በሰነድ ላይ ያለ ፊደል ድርጊት አይደለም። ሆኖም የውጭ ሰውን የማስገባትና የመከልከል ሥልጣን የመንግሥት ስለሆነ፣ ጎብኚው ከመነሣቱ በፊት ስለ ቪዛው ማጣራት ይበጀዋል።

ለጎንደር ሰው ግን ክብደቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ወንድ ወይም ሴት ብሎ ለመለየት በሚያስቸግር አካል የሚወለድ ሕፃን ላይ። ከመዝጋቢው አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ትጠይቃለች፦ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉና። መንግሥት ደግሞ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ከነፆታው፣ እንዲመዘገብ ያዛል። የክሮሞሶም፣ የሆርሞንና የአልትራሳውንድ ምርመራ ለዚህ ቀጠሮ ላይደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ አካል ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ የአድሬናል ዕጢ የተፈጥሮ ጉድለት ነው። ሴቷን ሕፃን ወንድ ሊያስመስላት ይችላል፤ ጨው የሚያሳጣው ዓይነት ቶሎ ካልታከመ ይገድላል። በጥድፊያ «ወንድ» ተብላ የተመዘገበች ልጅ አድጋ ፓስፖርት ስትጠይቅ መልኳና መዝገቧ ይጣላሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ከአገር የመውጣት ነፃነትን ቢሰጥም፣ እርሷን የሚያቆማት ያቺ የመጀመሪያ ቃል ናት።

ኬንያ በ2019 ቆጠራዋ ለመለየት በሚያስቸግር አካል የተወለዱ 1,524 ሰዎችን ቆጥራ፣ በ2022 የሕፃናት ሕጓ እውቅና ሰጥታቸዋለች። እኛ ሁለቱን ጉዳዮች እያምታታን በሁለቱም ላይ ዝም ብለናል። ራሳቸውን ከሁለቱ ፆታዎች ውጭ ስለሚያዩ ጎልማሶች የሚደረገው ክርክር ረጅም ነው፤ በእኛ አገር በቅርቡ የሚፈታም አይመስለኝም። የሕፃኑ ጉዳይ ግን ያንን ክርክር መጠበቅ የለበትም። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከነሆስፒታሉ ለምርመራው በአካባቢው አለ። የወሳኝ ኩነት ሕጉም የሐኪም ቦርድ ማስረጃ ሲቀርብ የልደት መዝገቡ፣ የፋይዳ መታወቂያውና ፓስፖርቱ አንድ ላይ የሚታረሙበትን አጭር ሥርዓት በግልጽ ሊደነግግ ይገባል፤ ምርመራው እስኪያልቅም የፆታው ቦታ ክፍት ይቆይ።