ልብጥ ወርቅ እሳት ሲያገኘው



በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ ከአያት የተረፈ ጠገራ ብር በሣጥናችሁ ካለ እስኪ አውጥታችሁ ተመልከቱት። 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶው 83 እጅ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ሁለቱ አብረው ስለቀለጡ ውስጡም ቢቆረጥ ቅይጥ ነው።

ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ የአክሱም ነገሥታት ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው መጀመሪያ ባሠሯቸው አንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ስስ ወርቅ ያስለብጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ሶሓቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ይህ ጥበብ በአገሪቱ የታወቀ ነበር።

የልብጥ ጠላቱ እሳት ነው። ብር በ962፣ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል። ለመቀላቀል ግን መቅለጥ አያሻቸውም። በኃይለኛ ሙቀት ላይ ከቆዩ የወርቁ አተሞች ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ፤ የብሩም ወደ ላይ ይወጣሉ። የአተሞቻቸው መጠን ስለሚቀራረብ በቀላሉ ይዋሃዳሉ። በመጨረሻ ልብጡ ጠፍቶ፣ እንደ ጠገራው ቅይጥ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1857 ማይክል ፋራዳይ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ወርቅን በዓይን የማይታይ ቅንጣት አድርጎ በውሃ ውስጥ በተነው፤ ውሃውም ቀላ። የዛሬ ሊቃውንት ደግሞ የአንዱን ማዕድን ቅንጣት በሌላው ይለብጣሉ። ቅንጣቷ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ናት፤ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ክፋይ ነው። ዓላማቸው እንደ ፕላቲኒየም ያለውን ውድ ማዕድን በላይ ብቻ አድርጎ መቆጠብ ነው።

እነርሱንም የሚያስቸግራቸው ያው ሙቀት ነው። ቅንጣት ባነሰች ቁጥር ከአተሞቿ ብዙዎቹ ላይኛው ገጽ ላይ ይሆናሉ፤ ማሠሪያቸውም ይላላል። ከ2 እስከ 3 ናኖሜትር የሆነ ወርቅ ከ1064 በብዙ መቶ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይቀልጣል። ልብጡም በዚያው ልክ ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ እንደ ብርና ኒኬል እምብዛም የማይዋሃዱትን ያጣምራሉ።

እናቶችና እህቶች! የተለበጠ ጌጣችሁ ተሰብሮ ወደ አንጥረኛ ስትወስዱ፣ እሳት ሳይነካው ልብጥ መሆኑን ንገሩት። ሻጮችም ልብጡን ልብጥ ነው በሉ፤ ሚዛን የማያጋልጠውን እሳት ያጋልጠዋልና።