ሐዘንተኞቹ ወደ ገዳዩ ቤት ሄዱ

የኒክል ማይንስን ነገር በሬዲዮ በተናገርኩ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ «ይሄ የሆነ ነገር ነው ወይስ ለስብከት የተፈጠረ ምሳሌ?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። የሆነ ነገር ነው። ቀኑም ቦታውም ይታወቃል።

መስከረም 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2 ቀን 2006። በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ፣ ላንካስተር በሚባለው አውራጃ ያለች የገበሬዎች መንደር ናት። በዚያ ከሚኖሩት ብዙዎቹ አሚሽ የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው። መኪና አይነዱም፤ በፈረስ ጋሪ ነው የሚሄዱት። ቤታቸው ስልክ አያስገቡም። ልጆቻቸውም አንድ ክፍል ብቻ ባላት ትምህርት ቤት ይማራሉ።

ያን ሰኞ ጠዋት አንድ የ32 ዓመት ሰው መሣሪያ ይዞ ወደዚያች ክፍል ገባ። አሚሽ ባይሆንም ለመንደሩ እንግዳ አልነበረም፤ ከገበሬዎቹ ወተት በመኪና እየሰበሰበ የሚኖር፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት ነው። አስተማሪዋ አምልጣ ስልክ ወዳለበት እርሻ ሮጠች። እሱ ወንዶቹን አስወጥቶ ዐሥር ሴት ልጆችን አስቀረ። ፖሊስ ሲከበው ተኮሰባቸው። አምስቱ ሞቱ፣ አምስቱ በጽኑ ቆሰሉ፤ ከዚያ ራሱን ገደለ። ልጆቹ እኮ ከ6 እስከ 13 ዓመት ያሉ ናቸው! የተረፉት እንደተናገሩት፣ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ትንንሾቹ እንዲተርፉ ብላ አስቀድሞ እሷን እንዲገድላት ጠይቃዋለች።

ለሚስቱ ትቶት በሄደው ጽሑፍ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተወልዳ ወዲያው ስለ ሞተችው ሕፃን ልጁ በእግዚአብሔር ላይ መቆጣቱን ገልጿል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ልጁን የቀበረ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይሆንም፤ ሐዘኑም ለሠራው ሥራ ማመካኛ አይሆንለትም። ነገር ግን እኛ በየቤተ ክርስቲያኑ ልጁን የቀበረ ሰው ጋ ሄደን፣ በሦስተኛው ቀን «በርታ፣ አታልቅስ» ብለን እንመለሳለን። ኢዮብ እንኳ ምሬቱን በአምላኩ ፊት አውጥቶ ተናግሮ የለም እንዴ? አጠገባችሁ ዝም ያለ ሐዘንተኛ ካለ ሂዱና ጠይቁት።

አሁን ወደ ማታው እንምጣ። አስከሬን ገና አልተቀበረም። አሚሾቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ወደ ገዳዩ ቤተሰብ ሄዱ። ሚስቱን አጽናኑ። ከጎረቤቶቹ አንዱ የገዳዩን አባት አቅፎ አብሮት ቆየ። እኛ አገር ገጠር ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን ቀዬውን ጥሎ እንደሚሸሽ ታውቃላችሁ፤ እነሱ ግን «ከመካከላችን አትሂዱ» አሏቸው። የገዳዩ ቀብር ላይም ከቆሙት ግማሽ የሚያህሉት አሚሾች ነበሩ፤ የራሳቸውን ልጆች ከቀበሩ ገና ቀናቸው ነው። ከየቦታው ከመጣላቸው የእርዳታ ገንዘብም ለሚስቱና ለልጆቹ አካፈሉ።

ይሄ ልብ በአንድ ሌሊት አልመጣም። አባቶቻቸው በ1525 (በፈረንጆቹ) በዙሪክ አምነው በመጠመቃቸው የተሰደዱ ናቸው። በ1569 በሆላንድ አገር ዲርክ ቪለምስ የሚባል አማኝ ከእስር አምልጦ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ሲሮጥ፣ አሳዳጁ በረዶው ተሰብሮበት ገባ። ዲርክ ተመልሶ አወጣው። ተያዘ፣ በእሳትም ተቃጠለ። አሚሾች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እንዲህ ያለውን እየተረኩ ነው። የእነሱ ዘመዶች የሆኑት የላንካስተር ሜኖናውያን ናቸው እኮ ወደ እኛም የመጡት፤ በናዝሬት ሆስፒታል ሠርተዋል፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከእነሱ አገልግሎት የተነሣች ናት። ይህችው ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋና መሪዎቿ ሲታሰሩ የሆነውን ከእናንተ መካከል የሚያስታውስ አለ።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ይህን ታሪክ ይዛችሁ፣ ባሏ የሚደበድባት እህት ጋ ሄዳችሁ «ይቅር በይና ዝም በይ» እንዳትሉ! አሚሾቹ ራሳቸው ፖሊስ ጠርተዋል። ወላጆቹም ይቅርታው በአንድ ቀን እንዳላለቀላቸው፣ ቁጣው እየተመለሰ እንደ አዲስ ይቅር ማለት እንዳስፈለጋቸው ተናግረዋል። ጌታም በማቴዎስ 18 ሰባት ጊዜ ብቻ ይበቃል ያለውን ጴጥሮስን ሲያርመው ይህን ድካም ያወቀ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤቷን በዐሥረኛው ቀን አፈረሷት። ልክ በስድስተኛው ወር ሌላ ሠርተው «አዲስ ተስፋ» ብለው ሰየሟት። ከቆሰሉት መካከል ያኔ የ6 ዓመት የነበረችው ልጅ መናገርም መራመድም ተሳናት። የገዳዩ እናት ወላጆቿን አስፈቅዳ በየሳምንቱ እየሄደች ታጥባት፣ ታነብላት፣ ትዘምርላት ነበር። እናቲቱ በ2009 ዓ.ም. በካንሰር ዐረፈች። ልጅቷም በ2016 ዓ.ም. ተከተለቻት።