የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስልና መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

በክረምት የቦሌ አራብሳ ጭቃ ጫማ አይመርጥም። በአካባቢው ዳርቻ ማሳ ላይ የሚውል አርሶ አደርም ሆነ ከጋራ መኖሪያ ቤቱ ወጥቶ ታክሲ ለመያዝ የሚቻኮል ነዋሪ፣ እግሩን እሾህ ቢወጋው ወዲያው ይሰማዋል። የስኳር ሕመም ለዓመታት የቆየበት ሰው ግን ላይሰማው ይችላል። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር የእግር ነርቮችን ያደነዝዛል፤ የደም ሥሮችንም ያጠብባል። ጠጠር በጫማው ውስጥ ይዞ የሚውል፣ ከሰል ሲሞቅ እግሩ የሚቃጠል፣ መቁሰሉን ካልሲው ሲረጥብ ብቻ የሚያውቅ ሕመምተኛ ብርቅ አይደለም።

የቆሰለ እግር ሁሉ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅ ወይም መግል የሌለው ቁስል የሚፈልገው መጽዳትን፣ የሞተ ሥጋ መነሣትን፣ በቁስሉ ላይ አለመቆምንና የስኳር መጠን መስተካከልን ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ሌላ ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የሌለበት አሞክሳሲሊን በፍሬ ተገዝቶ ለጥቂት ቀናት ይዋጣል።

በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በተደረጉ ጥናቶች ከእነዚህ ቁስሎች በተደጋጋሚ የተገኙት ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲዬላ፣ ፕሮቲየስና ሱዶሞናስ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከአንድ በላይ መድኃኒት የሚቋቋሙ ሆነው ታይተዋል። ሱዶሞናስን አሞክሳሲሊን ከመነሻውም አይገድለውም። ስታፊሎኮከስ በበኩሉ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል። ይህን ለማሸነፍ የተሠራው ሜቲሲሊን በሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 እርሱንም የሚቋቋም ዝርያ በእንግሊዝ ተገኘ።

ነገሩ ለስንዴ አምራች እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ ቱ ፎር ዲ ብቻ የሚረጭ ማሳ ቅጠለ ሰፊው አረም ይጠፋለትና ስናር ይወርሰዋል። መድኃኒቱ ስናርን አልፈጠረውም፤ ቦታ ለቀቀለት እንጂ። በቁስል ውስጥም ደካማው ባክቴሪያ ሲሞት የሚቋቋመው ይራባል፤ የመቋቋሚያውን ዘረመል ለሌሎች ባክቴሪያዎችም ያስተላልፋል። እግር ላይ ችግሩ የሚብሰው መድኃኒቱ በደም ስለሚጓዝ ነው። የደም ሥር ከጠበበ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ባክቴሪያዎቹም አተላ መሰል ሽፋን ሠርተው ይከለላሉ። አጥንት ውስጥ ከገቡ፣ የታመመው አጥንት ካልተቆረጠ፣ ሕክምናው 6 ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

(ለላምና ለዶሮ ያለ ባለሙያ የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊንም ለሰው ከሚታዘዙ መድኃኒቶች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በረቱ ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም።)

የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚለየው የላቦራቶሪ ካልቸር ምርመራ ነው። ናሙናው መወሰድ ያለበት ቁስሉ ከጸዳ በኋላ፣ ከጥልቁ ሥጋ፣ በተቻለ መጠንም አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ነው። ከላይ በጥጥ የተጠረገ መግል በቆዳ ላይ የሚኖሩትን ጭምር ስለሚያሳይ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፤ እስከዚያው ሐኪሙ በግምት ያዝዛል፤ ውጤቱ ሲመጣ ይለውጣል።

ጣት ከጠቆረ፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። መድኃኒት አስቀድሞ የጀመረ ሕመምተኛም ማሸጊያውን ይዞ ይሂድ፤ ምን እንደዋጠና ለስንት ቀን እንደዋጠ ማወቁ ለሐኪሙ ውሳኔ አስፈላጊ ነው።