ከባቢ አየር ራሱን እንዴት ያጸዳል? ማጽዳት የማይችለውስ ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ) ከዋለልን ጸጋዎች መካከል ሳንከፍልበት በየቅጽበቱ የምንጠቀምበት አየር አንዱ ነው። ከምድር በየዕለቱ ጭስ፣ አቧራና ልዩ ልዩ ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሳይወገድ ቢከማች ኖሮ መተንፈስ ባዳገተን ነበር። አየሩ እንዴት እንደሚጸዳና የጽዳቱ ወሰን የት ድረስ እንደሆነ እንመልከት።

የአየሩ ይዘትና ንብርብሮች

ደረቅ አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን፣ 21 ከመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። ከቀሪው አብዛኛው አርጎን ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 ከመቶ ገደማ ብቻ ይይዛል። የምንኖርበት ዝቅተኛው ንብርብር ትሮፖስፌር ይባላል። ደመናና ዝናብ ያሉት እዚህ ነው። ከእሱ በላይ ባለው ስትራቶስፌር ውስጥ ደግሞ ጎጂውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከለው ኦዞን ይገኛል።

በዝናብ መታጠብ

ትልልቅ የአቧራ ቅንጣቶች በራሳቸው ክብደት ይወርዳሉ። ደቃቆቹን ግን በዋናነት የሚያወርዳቸው ዝናብ ነው። የውሃ ተን በቅንጣቶቹ ላይ ተጠራቅሞ የደመና ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታውም ሲዘንብ ቅንጣቱን ይዞ ይወርዳል። ዝናብ ካባራ በኋላ የሩቁ ተራራ ጠርቶ የሚታየን ለዚህ ነው።

በሱረቱል ፉርቃን አንቀጽ 48 የዝናብ ውሃ «ጠሁር» ተብሏል። ዑለማኦች ቃሉን በራሱ ንጹህ የሆነ፣ ሌላውንም የሚያነጻ ብለው ያብራሩታል። አንቀጹ ስለ አየር ኬሚስትሪ ነው ባንልም፣ ዝናብን ያየ ሰው ትርጉሙን ማስተንተን ይችላል።

በፀሐይ ብርሃን መጽዳት

በውሃ በቀላሉ የማይሟሙ ጋዞችን ዝናብ አያጥባቸውም። እነዚህን የሚያስወግደው ሃይድሮክሲል የተባለ ከአንድ ኦክስጅንና ከአንድ ሃይድሮጅን የተሠራ ቅንጣት ነው። የሚፈጠረው የፀሐይ ጨረር ኦዞንን ሲሰነጥቅና የተለየው ኦክስጅን ከውሃ ተን ጋር ሲገናኝ ነው። ዕድሜው አንድ ሰከንድ ገደማ ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድን በጥቂት ወራት፣ ሚቴንን ደግሞ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከአየር ያስወግዳል።

የማይታጠበው

ለማቀዝቀዣና ለመርጫ ጣሳዎች ይውል የነበረው ሲኤፍሲ ዝናብም ሆነ ሃይድሮክሲል የማያስወግደው ሰው ሠራሽ ጋዝ ነው። ስለዚህ ሳይበላሽ ስትራቶስፌር ደርሶ ኦዞንን ያጠፋል። ይህን ሞሊና እና ሮውላንድ በ1974 እ.ኤ.አ. አስጠነቀቁ፤ በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ያለው የኦዞን መሳሳትም በ1985 ይፋ ሆነ። በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ምርቱን በመገደቡ ንብርብሩ በማገገም ላይ ነው። ሰው ያበላሸውን ማረም እንደሚችልም አሳይቷል።

በዝግ ቤት ውስጥ

ዝናብና ፀሐይ በማይገቡበት ክፍል ይህ ጽዳት የለም። በክረምት ብርድ የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ሕይወት የሚያጠፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጫ አጥቶ ስለሚከማች ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ በኋላም መውጣቱን አያቆምም።

ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ሁሉንም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣትና ወደ ሕክምና መውሰድ ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመኝታ ሰዓት በቤት ውስጥ እሳት ሳያጠፉ መተኛትን መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን ከቤት እናውጣ።