የታሸገችው ብሎን

ስለ ድሮ ሞተር ሳይክሎች ወሬ ሲነሳ ሆንዳ ሲቢ 750 መጠቀሱ አይቀርም። ብዙዎች የሚያወሩት ስለ ፍጥነቱ ነው። እኔ ግን ስለ ካርቡራተሮቹ ላውራችሁ፤ በባለቤቱና በማሽኑ መካከል ያለው ፍቅርም ጠብም ያለው እዚያ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1969 ገበያ ላይ የዋለው ሲቢ 750፣ 736 ሲሲ ጉልበቱን ያገኘው ጎን ለጎን ከተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ካርቡራተር ነበረው። ሞተሩ የሚስበው አየር በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ከሥር ካለችው ጎድጓዳ ዕቃ ቤንዚን ተስቦ ከአየሩ ጋር ይገባል። ኮምፒውተር የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ!

ጣጣው አራት መሆናቸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከነዳጅ መስጫው የሚነሳው አንድ ሽቦ መንገድ ላይ ለአራት ይከፈል ነበር። አንዷ ሽቦ ትንሽ ከላላች፣ አንዱ በሬ ሲጎትት ሌላው እንደሚለግምበት ጥማድ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ሆንዳ በ1970 አራቱን በአንድ ዘንግ አያያዛቸው። ቢሆንም በየጊዜው ማስተካከሉ አልቀረም።

ወጣቶች ጋራዥ የማይሄዱበት ሙያ የተፈጠረው ከዚህ ነው። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ጽዳት፣ ከዚያ ማስተካከል። ለወራት የቆመ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ ይተንና ሙጫ መሳይ ዝቃጭ ይተዋል። መጀመሪያ የምትደፈነው ለሚኒሞ የምታገለግለው ቀዳዳ ናት፤ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሞተሩ ቾክ ካልተሳበ አልቆምም ይላል። ቀዳዳዋን በብረት ሽቦ መጎርጎር ማስፋት ነው፤ የሚያዋጣው ማጽጃ ፈሳሽና የአየር ግፊት ነው። ካንዴላው፣ ቫልቩና የአየር ማጣሪያው ደህና ከሆኑ በኋላ ሞተሩን አሙቆ፣ የአራቱን አሳሳብ በግፊት መለኪያ እኩል ማድረግ ነው። የመጨረሻዋን የሚኒሞ ብሎን ግን ጆሮ ነበር የሚዳኛት፤ ሩብ ዙር ወዲህ፣ ሩብ ዙር ወዲያ።

ከዚያ ሕግ መጣ። አሜሪካ ከ1978 ሞዴሎች ጀምሮ የሞተር ሳይክል ጭስ ላይ ገደብ ጣለች። በተከታዮቹ ዓመታት ወደዚያ በሚላኩ ብዙ ሞተሮች ላይ ያቺ ብሎን በብረት ክዳን ተደፈነች። ባለቤቱ እንዳይነካት መሆኑ ነው። ብዙዎች ክዳኑን በመሰርሰሪያ በስተው ከፈቱት። ማን ትክክል ነበር?

ሕጉ አላበደም፤ አየሩ የባለሞተሩ ብቻ አይደለም። በጆሮ አስተካከልኩ ያለ ሁሉም ጆሮ አልነበረውም። ነገር ግን ካርቡራተር የቆመበትን ቦታ አያውቅም። እኛን ተመልከቱ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ጭሱ ይብሳል። መፍትሔው ጠበብ ያለች የቤንዚን ቀዳዳ መግጠምና ብሎኗን እንደገና መፈተሽ ነው። ለአየር ሲባል የታሸገችው ብሎን፣ ደጋ ላይ አየሩን ልታበላሽ ትችላለች ማለት ነው።

ጠቡን የፈታው ሌላ መሣሪያ ነው። ካዋሳኪ በ1980 በኤሌክትሮኒክ ነዳጅ የሚረጭ ሞተር ሸጠ። ዛሬ በአዳዲስ ሞተሮች ላይ አየሩን የሚለካው ሴንሰር ነው፤ ከባሕር ዳር ከተማ ወደ ደጋ ቢወጣ ራሱን ያስተካክላል። ህንድም በ2020 ሕጓን ስታጠብቅ ካርቡራተርን ከአዳዲስ ሞተሮቿ አስወጣችው ማለት ይቻላል።

አየሩ ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ያልገባውን ማሽን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ገጥሞ፣ ሲነሳ የሚሰማ ሰው። አሮጌ ሞተር ደጃችሁ ቆሞ ከሆነ፣ ለብረታ ብረት ነጋዴ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡት።