የቡድኑ ቦታ ለማን ይገባል? የኢትዮጵያ ሯጮች ምርጫ ታሪክ

በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ የሩጫ ርቀት የሚያሰልፈው ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። በ10,000 ሜትርና በማራቶን ሚኒማ (የመግቢያ ሰዓት) የሚያሟሉ ሯጮች ለሞሉባት ኢትዮጵያ ይህ ቁጥር ጠባብ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ለብሔራዊ ቡድኑ ደርሷል ወይስ ገና ነው የሚለው ክርክር ከድሎቹ ጋር አብሮ ኖሯል። (ከአንዱ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አገሪቱ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ የስፖርቱ ዋና መፍለቂያ ጦር ሠራዊቱ ነበር። በክቡር ዘበኛ ውስጥ የሚሮጡትን እየለየ ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። ከደሴ በስተሰሜን በአርዲቦ ወይም በሐይቅ ዳር በጎች ሲያግድ የሚሮጥ ልጅ ምንም ቢፈጥን የሚያየው አልነበረም፤ ለመታየት መጀመሪያ ወታደር መሆን ነበረበት።

ስለ አበበ ቢቂላ ሲነገር የኖረው፣ ሯጩ ዋሚ ቢራቱ መሄድ ባለመቻሉ በመጨረሻው ሰዓት ተተክቶ ወደ ሮም ኦሊምፒክ ሄደ የሚል ነው። ለወሬ ይጥማል፤ የአበበን ድል ግን የዕድል ያስመስለዋል። አበበ ከሮም በፊት አዲስ አበባ ላይ ማራቶንን በ2:21:23 ጨርሶ ነበር። ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ደግሞ 2:23:03 ነው። አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ከክብረ ወሰኑ የፈጠነ ሰው ለቡድኑ እንደሚበቃ ማስረጃው በአሠልጣኙ እጅ ነበር፤ ያላወቀው የውጭው ዓለም ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2:15:16 አሸነፈ፤ የቡድን ጓደኛው አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። በ1964 ደግሞ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ተሰልፎ በ2:12:11 ደገመው። በጤና ማስረጃ ብቻ ቢመረጥ ኖሮ ቤቱ በቀረ ነበር።

ከዚያ በኋላ የምርጫውን ነገር ፖለቲካ ያዘው። ኢትዮጵያ የ1976፣ የ1984 እና የ1988 ኦሊምፒኮችን ሳትካፈል ቀረች። በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን በ2:06:50 ሰበረ፤ በዚያው ዓመት ሴኡል ላይ የሚሰለፍበት ቡድን ግን አልነበረም። የሚገባውን ቦታ ካጡት ሁሉ የእርሱን ያህል የሚያስቆጭ የለም።

በ1990ዎቹ መራጮች ለወጣቱ አዲስ መለኪያ አገኙ፤ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና። ደራርቱ ቱሉ በ1990 ፕሎቭዲቭ ላይ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በባርሴሎና ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት ወርቅ አመጣች። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1992 ሴኡል ላይ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ሽቱትጋርት ላይ የአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 ፓሪስ ላይ በአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮና የ5,000 ሜትር አሸናፊ ስትሆን ዕድሜዋ 18 ነበር። የእርሷ ድል ለሌላ ወጣትም ቦታ ከፈተ፤ በዓለም ሻምፒዮና ያለፈው ጊዜ አሸናፊ ከሦስቱ ውጭ በቀጥታ ስለሚገባ፣ በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ኢትዮጵያ አራት ሴቶች አሰለፈች። ጥሩነሽ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባና የደብረ ማርቆሷ የ20 ዓመት ወጣት መሰለች መልካሙ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ተከታትለው ገቡ። «አረንጓዴው ጎርፍ» የሚባለውም እንዲህ ያለው አገባብ ነው።

የወጣቶች ሜዳሊያ ግን አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ዕድሜ። ልደት በማይመዘገብበት ገጠር ያደገ ልጅ ዕድሜውን የሚናገረው በቤተሰብ ትውስታ ነው፤ አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። «ወጣት ነው፣ ገና ያድጋል» ብሎ መምረጥ የሚያስተማምነው የልደት ወረቀቱን ያህል ብቻ ነው። ወደ ቡድኑ የሚያደርሰው መንገድም ረጅም ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው በሐይቅ ከተማ ዙሪያ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአርዲቦ አካባቢ የሚያድግ ሯጭ አየሩም ዳገቱም አለው። ሰዓት የሚያዝበት ውድድር ለማግኘት ግን ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከዞን ወደ ክልል ማለፍ፣ ከዚያም ክለብ ማግኘት አለበት። መቻል፣ ኦሜድላ፣ መብራት ኃይልና ሙገር ሲሚንቶን የመሳሰሉት ክለቦች ደመወዝ የሚከፍሉ በመሆናቸው ከመራጮች በፊት የሚያጣሩት እነርሱ ናቸው። የጃንሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር ለዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሚሄደውን ቡድን ሲለይ ኖሯል፤ አሯሯጭ ስለሌለው የሯጩን ጉልበትና ብልሃት በግልጽ ያሳያል።

ሰዓት ራሱ ምን ያህል ይመሰክራል? ሰኔ 2021 በሄንግሎ በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ሰሎሞን ባረጋ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና በሪሁ አረጋዊ 10,000ውን በአንድ ሰከንድ ልዩነት ውስጥ ጨረሱ፤ ባረጋ 26:49 ገባ። ቶኪዮ ላይ ሩጫው ዝግ ብሎ ሄደና የ21 ዓመቱ ባረጋ በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ የክብረ ወሰኑን ባለቤት ጆሹዋ ቼፕቴጌን ቀደመ። ያሸነፈበት 27:43 ከማጣሪያው አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የዘገየ ነው። እዚያ የፈረደው አጨራረስ ነበር፤ በሪሁ አራተኛ ወጣ።

በዚያው ዓመት ማራቶኑ በተቃራኒው ሄደ። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ አዘጋጀ፤ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 የሮጠው ቀነኒሳ በቀለ በማጣሪያው አልተሰለፈም፤ ከቡድኑም ወጣ። የተመረጡት ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ የቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን በተካሄደባት በሳፖሮ ሙቀት ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። አንድ ማጣሪያ ፍትሐዊ ነው፤ ሁሉም እኩል ይነሣል፣ ማንም አዳልቷል አይባልም። የሚያሳየው ግን የአንድን ቀን አቅም ነው፤ ከወራት በኋላ በሌላ አየር የሚሆነውን አይነግርም።

ለ2024 ፓሪስ የዋና ዋና ማራቶኖች ውጤት ታየ። በለንደን ሁለተኛ የወጣው ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ ገባ፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ወጣና ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ተተካ። ታምራት በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ ደሬሳ ገለታ አምስተኛ፣ ቀነኒሳ 39ኛ ሆኑ።